«የለም» ያልኩ ጊዜ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ወባ የለብሽም አሉኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ። ባለሙያዋ ጣቴን ወግታ፣ ደሜን መስታወት ላይ ቀብታ አየችና «ንጹሕ ነው» አለች። ንጹሕ ከሆነ ታዲያ ይሄ ከደረቴ ተነሥቶ ጆሮዬ ድረስ የሚወጣው እሳት ምንድን ነው? ሸዋ ሮቢት ውስጥ ያላበው ሰው ሁሉ ወባ ይዞታል። ላብ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቁርጥማት፣ ራስ ምታት ካልሽ መልሱ አንድ ነው። እኔም ለደንበኞቼ እንደዚያው ስል ነው የኖርኩት።

ይሄ ደብተር የልክ መያዣዬ ነው። ከፊት በኩል የሰው ደረት፣ ወገብና ዳሌ ተጽፏል፤ ከኋላ በኩል የኔ ጉድ። ልብስ ሰፊ ሆኜ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ለማንም የማላወራውን እዚህ እጽፋለሁ።

ያለብኝ፦

እሳቱ። በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ።
ጉልበቴ። የስፌት መኪናውን ስረግጥ ይንቋቋል።
ቀኝ ትከሻዬ። እጄን ወደ ኋላ መመለስ አቅቶኛል።
እንቅልፍ ማጣት።
ለቅሶ። ትናንት የተማሪ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ ስተክል አለቀስኩ። ቁልፍ ምን ያስለቅሳል?
የወር አበባዬ ከመጣ አራት ወር አልፎታል።

የመጨረሻውን ጻፍኩት። እስከ ዛሬ ለመጻፍ ፈርቼ ነበር፤ የጻፍኩት እንደሆነ ተስፋው የሚጠፋ መስሎኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ደሳለኝን ያገባሁት በሠላሳ ስምንቴ፣ ሰው ሁሉ ቀርታለች ካለ በኋላ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልቀረብኝም ነበር፤ እንደ ደመወዝ ቀኑን ጠብቆ ይመጣ ነበር።

አማቴ እማማ ሙሉ ለወባው ብለው በየጠዋቱ ፌጦ በሎሚ በጥብጠው ያጠጡኛል። እርሻቸውን ለትንሹ ልጃቸው ትተው ከገና ወዲህ እኛ ጋር ናቸው። ፌጦው ጉሮሮዬን ያቃጥለዋል። እምቢ ማለት ግን አይቻልም፤ እስክጨርስ ፊቴ ቆመው ይጠብቃሉ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ጠዋት ፌጦውን አፌ ላይ ሳደርስ እማማ ሙሉ ብርጭቆውን ነጠቁኝና በረንዳው ላይ ደፉት። «አንቺ ልጅ፣ ከጥር ወዲህ ከቅጽር ውጭ ስትቆሚ አላየሁሽም» አሉኝ። ለካ እሑድ እሑድ አጠገባቸው ሆኜ ሳስቀድስ ሲቆጥሩ ነበር። በወሯ ያለች ሴት ከቅጽሩ ውጭ ነው የምትቆመው፤ እኔ ደግሞ አራት ወር ሙሉ ውስጥ ነበርኩ። እኔ ከራሴ ደብተር የደበቅኩትን እሳቸው በቤተ ክርስቲያን አጥር አወቁት።

«አራት ወር?» አሉኝ። «አራት» አልኩ። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ቀስ ብለው እልል አሉ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸው ጠቆረ። «ፌጦ! ለነፍሰ ጡር ፌጦ! እኔ ምን አደረግኩ!» ሆዴን በሁለት እጃቸው ይዘው አማተቡበት። እኔ ምንም አይደለም፣ ትንሽ ነው የጠጣሁት እያልኩ ሳጽናናቸው ዋልኩ። የሆነውን ማመን የጀመርኩት እሳቸውን ሳጽናና ይመስለኛል።

ደሳለኝ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። የሽንኩርት አልሚዎቹ ሞተር በቆመ ቁጥር እሱን ይጠሩታል፤ ሲመጣ እንደ ሁልጊዜው እስከ ክርኑ ግሪስ ነበር። እናቱ በር ላይ ነገሩት። እጁን ታጠበ፣ ወደ ስፌት መኪናዬ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን ከመዘውሩ የሚያገናኘውን ቺንጋ ፈታና ኪሱ ከተተው። «ከእንግዲህ ፔዳል አትረግጪም» አለኝ። የስድስት ተማሪ ዩኒፎርም አለብኝ እኮ ስለው ሳቀብኝ። እንደዚህ ሲስቅ ካየሁት ስንት ዓመቴ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ደስ ብሎኛል። ይኸው በቀለም ጻፍኩት።

ሱቄን ዘግቼ ወገቤን ለካሁ። ሰማንያ ስድስት። አምና የራሴን ቀሚስ ስሰፋ ሰማንያ አንድ ነበር። ይሄ ሜትር በስንቷ ሴት ላይ አሳብቋል! እናቷ ሳታውቅ ማርገዟን ያወቅኩባት ልጅ ነበረች፤ ባሏ ሳያውቅ የሙሽራ ቀሚሷን ጎን በድብቅ ያሰፋሁላት ነበረች። ሜትር ውሸት አያውቅም አልኩ። ከነጭ ፖፕሊን ቁራጭ ላይ አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል ሸሚዝ ቆርጬ በእጄ ሰፋሁ። እጅጌዋ አውራ ጣቴን አታስገባም።

እትዬ ዘሃራ አጠገቤ ጨርቅ ትሸጣለች፤ በመካከላችን ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ የኔ ሳል እንኳ አያመልጣትም። ነገርኳት። አቀፈችኝ፤ ከዚያ ፊቴን ትክ ብላ አየችኝና «ሽንትሽን ሰጥተሻል?» አለችኝ።

«ምን ያስቸኩለኛል?»

«ኢንሻአላህ ይሁንልሽ። ግን ተመርመሪ፣ የኔ እህት።»

ቅር አለኝ። ስድስት ወልዳ ለኔ አንድ ትሰስታለች ብዬ አሰብኩ። ክፉ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እሳቱ መጣብኝ፤ ቀሚሴ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። እርግዝና ያሞቃል አሉ እማማ ሙሉ። ያሙቀኝ! ደሳለኝ ለፓምፕ ቤቱ ሰዎች በሙሉ ተናግሯል። አታውራ ብዬው ነበር።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

የለም።

እማማ ሙሉ አብሬሽ ልሂድ ቢሉኝ ትቻቸው ብቻዬን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ክትትል ልጀምር ነው የሄድኩት፤ ካርድ ስወስድም «ነፍሰ ጡር ነኝ» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሰልፍ ላይ ያሉት ሴቶች ወንበር ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። ያ ወንበር አሁን ድረስ ያቃጥለኛል።

ሲስተሯ የልጅነት ፊት ያላት፣ ትሑት ናት። ሽንቴን አስመረመረችኝ። ድገሚው አልኳት፤ ደገመችው። ከዚያ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየኝ። ጄሉ ይቀዘቅዛል፤ ከሳምንታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴ ላይ ቅዝቃዜ ተሰማኝ። ምንም የለም አለ። ባዶ። ለኔ ሳይሆን ለሲስተሯ ነው የነገራት።

ተመልሰን ቢሮዋ ገባን። ትኩሳት እየመጣ ይሄዳል ወይ? አዎ። እንቅልፍስ? የለም። መገጣጠሚያዎን ያምዎታል? ሆድ ይብስዎታል? ለሁሉም አዎ አዎ አልኩ። እሷ እየጠየቀች እኔ የደብተሬን ዝርዝር እየሰማሁ ነበር። «እናቴ፣ እያረጡ ነው» አለችኝ።

እናቴ አለችኝ። ከሰው ሁሉ ቃል መርጣ።

ማረጥ። ቃሉን ሳውቀው ስለ ላም ሲወራ ነው። አረጠች ይሉና ለቄራ ይሸጧታል። ሲስተሯ ግን ብዙ አስረዳችኝ። የሴትነት ሆርሞን ሲቀንስ ሰውነት ሙቀቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ላቡም ልብ ምቱም፣ ቁርጥማቱም ለቅሶውም፣ የወገቤ መወፈርም ከዚያ ነው። ሙሉ ለሙሉ ተቋርጧል የሚባለው አንድ ዓመት ሲሞላ ነው አለችኝ። «ታዲያ እስከዚያ?» አልኳት። አይኔን አይታ «እናቴ፣ ተስፋው በጣም ትንሽ ነው፤ ልዋሽዎት አልፈልግም» አለችኝ። በሽታ አይደለም፣ ሲጠናብዎት ይምጡ፣ የሚረዳ ነገር አለ አለችኝ። አመሰገንኳት። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

በሩ ላይ እማማ ሙሉ ቆመው ነበር። ስንት ሰዓት እንደቆሙ እንጃ። «እንዴት ነው?» አሉኝ። «የለም» አልኩ።

ደረታቸውን መቱ። «ፌጦው! ፌጦው ነው! በገዛ እጄ!» እያሉ መሬት ተቀመጡ። ያኔ ገባኝ። እኔ መጀመሪያውኑ የለም ማለቴ ነው፤ እሳቸው ሞተ ብለው ሰሙ። አንድ ቃል ነው። ማረም እችል ነበር። እማማ፣ አልነበረም እኮ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

አላረምኩም። ጽንስ የወረደባት ሴት እግዜር ይተካልሽ ትባላለች። ያረጠች ሴት ምን ትባላለች?

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ተኝቻለሁ። አስተኝተውኛል። ጎረቤት ዶሮ ሠርታ አመጣች፤ ሌላዋ አጥሚት። «እንኳን ያንቺ ነፍስ ተረፈች» ይላሉ። «ይተካልሻል» ይላሉ። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድም ሰው እንደዚህ አቅፎኝ አያውቅም። መሃን ስትሆኚ ሰው ይሸሽሻል፤ ሲወርድብሽ ይሰበሰብልሻል። በውሸት ያገኘሁትን ማጽናኛ ሁሉ በላሁት፤ ዶሮውንም ጭምር።

ግን ለቅሶዬ የውነት ነው። ማንም እንዳይጠረጥረኝ የሚያደርገው እሱ ነው። የወረደ ነገር ባይኖርም የሞተብኝ አለ።

እማማ ሙሉ በማለዳ ወደ መንደራቸው ሄዱ። ትናንት ማታ ለልጃቸው ተናዝዘውለት ነበር፤ ፌጦውን እኔ ነኝ ያጠጣኋት ብለው። ደሳለኝ አልተቆጣም። ፊታቸውን አላየም፣ ያ ብቻ። ያቀረቡለትን ምግብ ሳይቀምስ ወጣ። እናቱ ናቸው እኮ! እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ይሄን ሁሉ እያየሁ ዝም አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ከሰዓት ደሳለኝ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ሌላ ይመጣል፣ ዘኑ» አለኝ። «ውጣልኝ!» ብዬ ጮኽኩበት። ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ ግን ወጣ። ከኋላው ትራስ ወረወርኩ። ሲስተሯ ንዴት ይኖራል ብላኝ ነበር፤ ግን ይሄን በሆርሞን አላመካኝም።

ወደ አመሻሹ እትዬ ዘሃራ መጣች። በሩን ዘጋች። አንሶላዬን አየች፣ ገንዳው ውስጥ የተዘፈዘፈ ልብስ ይኖር እንደሆነ አየች። «ወላሂ፣ ሦስት ጊዜ ወርዶብኛል» አለችኝ ቀስ ብላ። «ደሙ የታለ?»

ሁሉንም ነገርኳት። አልፈረደችብኝም። እሷም በሃምሳ ዓመቷ ሲቆምባት ወባ ነው ብላ ኪኒን ስትቅም ከርማለች። «ከዚያ ወዲህ በወር አበባ ሶላቴ ተቋርጦ አያውቅም፤ እሱን አስቤ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። የመጀመሪያውን ረመዳን ሙሉውን ስጾም ግን ማታ ማታ ጾሜን ስፈታ አልቅሻለሁ» አለችኝ። እጄን ይዛ «አሮጊቷን ግን አትግደያት። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም አሉ» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ለደሳለኝ ሱቅ ልከፍት ነው ብዬ በባጃጅ ሄድኩ። ባጃጁ መንገዱ እስኪያልቅ አደረሰኝ፤ የቀረውን ገና ባልታረሰው የማሽላ ማሳ ዳር በእግሬ ወጣሁ። ጉልበቴ ሦስት ጊዜ አስቀመጠኝ። በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ ልመለስ አልኩ።

እማማ ሙሉ መደቡ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ውሃ ብቻ። የደሳለኝ ወንድም ሚስት እኔን ስታይ «አንቺ ደግሞ ምን አነሣሽ፣ ገና መቼ ጠናሽ!» አለች። ተይን አልኳት፤ ተወችን።

«እማማ፣ የለም ያልኩዎት ሞተ ማለቴ አልነበረም።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

«መጀመሪያውኑ አልነበረም። አርጫለሁ። ሐኪም ነው የነገረኝ። ፌጦውም፣ እርስዎም ምንም አላደረጋችሁም።»

ቀስ ብለው ዞሩ። «እኔ አይደለሁማ?» አሉኝ።

«አይደሉም።»

«በማርያም? እኔ አይደለሁማ?»

«በማርያም።»

ወርደው መሬት ሳሙ። ተመስገን፣ ተመስገን እያሉ ሳሙት። አለቀሱ፣ ሳቁ፣ እኔንም ሳሙኝ። እንዲህ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ያስደሰታቸው ግን የኔ ልጅ ጭራሽ አለመኖሩ ነው። ቆሜ አየኋቸው። አልተቀየምኳቸውም፤ ግን ለዚያ ልጅ ያለቀሰለት ሌላ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ አሁን እሳቸውም ተዉት።

ምግብ መጣላቸው። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺስ?» አሉኝ። «አንቺ እንዴት ሆንሽ?»

ከሐሙስ ወዲህ ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጭናቸው ላይ ተደፋሁ። የት ጋ ነው የሚያምሽ አሉኝ፤ ጉልበቴን አልኩ። ጉልበቴን በሻካራ እጃቸው እያሹ ብዙ ቆዩ። «እኔ ሲቆምብኝ አምስት ወልጄ ነበር፤ እንኳን ተገላገልኩ ነው ያልኩት፤ ያንቺን አላውቀውም» አሉኝ። የማያውቁትን «አላውቀውም» ማለታቸው ከ«ይተካልሽ» ሁሉ በለጠብኝ።

ስነሣ «ለሱ እኔ ልንገረው?» አሉኝ። እምቢ አልኩ። «እንግዲያው አታቆይው፤ ልጄ ፊቱን አዙሮብኛል» አሉኝ። ዛሬውኑ እነግረዋለሁ ብዬ ማልኩ። ቤት ስደርስ ደሳለኝ ቺንጋውን ወደ መኪናዬ እየመለሰ ነበር። ብሎኑን እያጠበቀ። አፌን ከፈትኩ፤ ራት ምን ልሥራ ብዬ ዘጋሁት።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ዛሬ ሌላ ጣጣ መጣ። ጽንስ የወረደባት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ደሳለኝ በሩ ላይ «አንቺ እዚህ ዛፉ ሥር ጥላ አለ» ብሎኝ ገባ። እኔ ከቅጽሩ ውጭ ቀረሁ።

አምስት ስድስት ወጣት ሴቶች ቆመዋል። በወራቸው ያሉ ናቸው። አንዷ ሆዷን ይዛ ታቃስታለች፤ ሌላዋ እህህ፣ በየወሩ ምን ዓይነት ፈተና ነው ትላለች። ተነሥቼ ልመታት ነበር የፈለግኩት። ድሮ እዚህ አጥር ሥር ስቆም አፍር ነበር፤ በየወሩ አሁንም ባዶ ነች እየተባልኩ የምታይ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን እነዚህን ልጆች ቀናሁባቸው። እኔ እዚህ መቆም እንኳ አይገባኝም። ተውሼ ነው የቆምኩት።

እሳቱ መጣ። ላቡ በጆሮዬ ሥር ወረደ። ከውስጥ የቅዳሴው ዜማ ይሰማል። አሰብኩ፤ እዚህ ከቆምኩ እስከ መቼ ነው የምቆመው? የሚቀጥለው ወር? ከዚያስ ደሳለኝ «ሌላ ይመጣል» እያለ ስንት ወር ሲቆጥር አያለሁ? እናቱስ?

ነጠላዬን አጣፍቼ ገባሁ። ከሴቶቹ አንዷ «እትዬ!» ብላ ልትይዘኝ ሞከረች። በሴቶች በኩል ገብቼ ቆምኩ። ደሳለኝ ከወንዶቹ መሃል አየኝ። ፊቱ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ ቀጥሎ ሌላ ሆነ። እስከ መጨረሻው ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሣም። ቅዳሴውን አልሰማነውም፣ ሁለታችንም።

ቤት እንደገባን «ለምን ገባሽ?» አለኝ።

«የሚያግደኝ ስለሌለ።»

ነገርኩት። ከወንበሩ ጀምሬ፣ ባዶ የሚለውን፣ እያረጡ ነው የሚለውን፣ የለም ያልኩትን፣ እናቱ መሬት ሲስሙ ያየሁትን። ዋሸሁህ አልኩት። ውሸቱ አንድ ቃል ነው፤ ዝም ያልኩት ግን ሦስት ቀን ነው አልኩት። «ከዚህ በኋላስ?» አለኝ። ሲስተሯ ያለችኝን ነገርኩት፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ልሂድ ካልከኝም እሄዳለሁ አልኩት። እሱን እንዳልሰማ አለፈው።

ወጥቶ ግቢው ውስጥ ፓምፕ መፍታት ጀመረ። እሑድ ቀን! ፈታው፣ ጠረገው፣ መልሶ ገጠመው። በመስኮት አየዋለሁ። ልብሱን ይሰበስባል ብዬ ጠበቅኩ። አልሰበሰበም። መልሶ ፈታው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃ ይዤለት ወጣሁ። ጠጣ። «ነገ እናቴን አመጣታለሁ» አለኝ። እሺ አልኩ። ልመለስ ስል «ዘኑ» አለኝ። ቆምኩ። ብሎኑን በጣቱ እያዞረ፣ ወደ መሬት እያየ ነበር።

«ስም አውጥቼለት ነበር።»

«ማን ብለህ?»

ራሱን ነቀነቀ። ከጉንጩ ወደ አንገቱ የሆነ ነገር ሲወርድ አየሁ፤ ላብ አልነበረም። አልነገረኝም። እኔም ያወጣሁለት ነበረኝ፤ አልነገርኩትም። አጠገቡ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም አልተነሣም።